ዳቦ አልቋል፣ ጎጎ

ካቤሎ ወረቀቱን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዟል። ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ድምፁን እንደ ሰባኪ ከፍ ዝቅ እያደረገ ያነባል።

«ብርድ ሲገባ የመንገዳችን ውሾች እንኳን አይጮሁም። እኔ ግን መስኮቱ ጋ ቆሜ ሰው ሲያልፍ አያለሁ። ሁሉም የሚሄድበት አለው። ዳቦ አልቋል፣ ጎጎ፤ ነገ በጠዋት ይምጡ። አንዳንዱ ሰላም ይለኛል፣ አንዳንዱ ደግሞ እኔን ትቶ ግድግዳውን ነው የሚያየው...»

ምሕረቱ ወንበሩ ላይ ክው አለ።

«ዳቦ አልቋል» የሚል ነገር ወረቀቱ ላይ የለም። ይህን ደግሞ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ወረቀቱን የጻፈው ራሱ ነዋ! ማክሰኞ ዕለት አጎቱ ሱቅ ውስጥ ጥግ ይዞ፣ የጻፈውን ለካቤሎ በስልክ እያነበበ ሲቀዳለት፣ መሃል ላይ አንዲት አሮጊት መጥተው ዳቦ ጠየቁ። እሱም ቅጂውን ሳያቋርጥ መለሰላቸው። የሴትዮዋን ጥያቄ ስልኩ አልያዘውም፤ የምሕረቱን መልስ ግን ጥርት አድርጎ ያዘ። ካቤሎም የተላከለትን ቮይስ አንዲት ቃል ሳያስቀር ሸመደደው። የሚገርመው፣ ሴትዮዋ የካቤሎ የገዛ አያት ነበሩ፤ «ጎጎ» እዚህ ሰፈር አያት ማለት ነው።

«ኤይሽ! ዳቦ አልቋል!» ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዱ «ይሄ ልጅ እኮ አይቻልም፤ መሃል ላይ እንዴት እንዳስገባት አያችሁ?» አለ። ካቤሎ የተሳቀበት ምክንያት ባይገባውም፣ ሳቅ ሲሰማ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ቀጠለ።

ክብ ሠርተው የተቀመጡት ክሊፕታውን በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ኮሮና ከመጣ ጀምሮ እንደተቀረቀረ ነው። እዚያ ይሠራ የነበረው ሳንዲሌ ግን ዝም ብሎ ቤት መቀመጥ አልሆነለትም። የአባቱን አሮጌ መኪና ከጋራዡ አስወጥቶ፣ ወንበሮቹን አራርቆ ደርድሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ወንዶች ልጆች መሰብሰብ ጀመረ። ልጆቹ «ቡቲ» ይሉታል፤ ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው። ለምን ወንዶችን ብቻ እንደሚሰበስብ ሲጠየቅ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቱ ይነካል። «እዚህ ሰፈር ወንድ ልጅ ከመናገር መማታት ይቀለዋል» ይላል። «እኔ በእናንተ ዕድሜ የምለውን አጥቼ ነው ስማታ የኖርኩት።»

የጋራዡ ሕግ አንድ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ገጽ ጽፎ ያነባል። ሲጨርስ ማጨብጨብ የለም፣ ማረምም የለም። ከግራው የተቀመጠው ሰው ከሰማው ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር መርጦ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይመልስለታል። ያነበበው ልጅ ቢያንስ አንድ ሰው እንደሰማው አውቆ ይቀመጣል።

በዚያ ቀን ከካቤሎ በስተግራ የተቀመጠው ራሱ ሳንዲሌ ነበር። ካቤሎ ሲጨርስ ሳንዲሌ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ካቤሎን ሳይሆን ምሕረቱን እያየ፣ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፦

«ዳቦ አልቋል፣ ጎጎ፤ ነገ በጠዋት ይምጡ።»

ልጆቹ እንደገና ሳቁ። ምሕረቱ ማስኩን እስከ ዓይኑ ድረስ ሳበው።

«ማይክ፣ ያንተ ተራ ነው» አለው ሳንዲሌ ምሕረቱን።

«ፓስ» አለ ምሕረቱ። ገጹን ኪሱ ውስጥ ይዞ ቢመጣም፣ ጋራዡን ከተቀላቀለ ጀምሮ ተራው ሲደርስ ከዚች ቃል ሌላ ተንፍሶ አያውቅም።

ሳንዲሌ አልተጫነውም። ይልቅ አንድ ዜና ነገራቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሰፈሩ ሬዲዮ በወጣቶች ሰዓቱ ከጋራዡ አንድ አንባቢ ጋብዟል፤ በኮሮና ምክንያት ስቱዲዮ የሚገባው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ማን ይሂድ ቢባል ሁሉም በአንድ ድምፅ «ካቤሎ!» አሉ። ካቤሎ በድጋሚ እጅ ነሳ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ምሕረቱ እስከ ድልድዩ ድረስ ጠጠር በእግሩ እየመታ ሄደ።

«ምን ሆነሃል፣ ብራ? ፊትህ አመድ መስሏል» አለው ካቤሎ።

«"ዳቦ አልቋል" ያልከው ምንድነው?»

«አንተ ያልከውን ነዋ! ራስህ አይደል የቀዳህልኝ? ደሞ ቆንጆ ነበረች።»

«ለአያትህ ነው የመለስኩት! ዳቦ ሊገዙ መጥተው!»

ካቤሎ ቆመ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከዚያ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ምሕረቱም ተናዶ ሊቆይ ፈልጎ አልቻለም፤ አጠገቡ ተቀምጦ አብሮት ሳቀ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት፣ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ነው። ካቤሎ ማንበብ አይችልም። ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ አይችልም ሲባል ማንም አያምንም፤ እንደ እሱ ያለ ተናጋሪ የለማ። ምሕረቱ ግን ያውቅ ነበር፤ ካቤሎ ሱቁ መስኮት ጋ ሲመጣ «ያቺን ቀይዋን፣ ያቺን ሰማያዊዋን» እያለ በቀለም ነው ዕቃ የሚጠይቀው። ጋራዡ ሲከፈት ካቤሎ መቅረት አልፈለገም፤ ያለ ገጽ መግባት ደግሞ አይቻልም። ምሕረቱ ጽፎ በቮይስ ላከለት። አንዴ ብለው ጀመሩት፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ምሕረቱም የሚያገኘው ነገር ነበረው። እሱ ከሆሳዕና ወደዚህ አገር የመጣው በአሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እንግሊዝኛውን ሲናገር ልጆቹ «ማይ ፍሬንድ» እያሉ ይኮርጁታል። የጻፈው ነገር በካቤሎ አፍ ሲነገር ግን ጋራዡ በሙሉ ጸጥ ብሎ ይሰማል። ጥግ ተቀምጦ ያንን ጸጥታ መስማት ይወድ ነበር።

«ለሬዲዮው ደግሞ አንድ የሚያስለቅስ ጻፍልኝ» አለ ካቤሎ ከአስፋልቱ እየተነሳ። «ግን በሩን ዘግተህ ቅዳ፣ ሻርፕ?»

ሰኞ የምሕረቱ ክፍል የትምህርት ተራ አልነበረም። ተማሪ እንዳይበዛ ተብሎ በፈረቃ ነው የሚማሩት፤ በማይማርበት ቀን ሱቅ ይቆማል። ሱቁ ከላይ እስከ ታች ቆርቆሮ ነው። ደንበኛ አይገባም፤ በብረት ፍርግርግ በኩል ገንዘቡን ያቀብላል፣ ዕቃውን ይቀበላል። ፍርግርጉ ላይ አጎቱ በትልልቁ የጻፏቸው የካርቶን ቁራጮች ተንጠልጥለዋል፦ «አልቋል»፣ «ነገ ይምጡ»፣ «ዱቤ የለም»።

ሳንዲሌ መጥቶ ሻማ ገዛ። ሻማውን ተቀብሎ ግን አልሄደም።

«ካቤሎ ለገዛ አያቱ ዳቦ የሚሸጥ አይመስለኝም» አለ።

ምሕረቱ ዓይኑን ሻማዎቹ ላይ ተከለ።

«የማን ድምፅ እንደሆነ አውቄዋለሁ። በየቀኑ በዚህ መስኮት ነው የምሰማው።» ሳንዲሌ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለማንም አልናገርም። ግን ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ሬዲዮ ላይ ካቤሎ የራሱን ገጽ አያነብም፤ የጓደኛውን ነው የሚያነበው። ሁሉም ልጆች በዚህ ሳምንት ገጻቸውን አንተ ጋ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጡ። ዓርብ መጥቼ እወስድና፣ አንዱን መርጬ ቅዳሜ ስቱዲዮ በር ላይ እሰጠዋለሁ። እስከዚያ ድረስ የትኛው እንደሆነ አያውቅም።»

«ለምን እንደዚያ?» አለ ምሕረቱ፣ ሳያስበው።

«የሰውን ድምፅ መሸከም መማር አለበት ብዬ ነው። እሱ በሰው ድምፅ ሲጠቀም ነው የኖረው።» ሳንዲሌ ሻማውን ኪሱ ከተተ። «ማይክ እውነተኛ ስምህ ነው?»

«መልስህን ረሳህ፣ ቡቲ» አለና ምሕረቱ ሳንቲሙን በፍርግርጉ አሾለከለት።

ሳንዲሌ ገና ጥጉን ሳይዞር አጎቱ ጋሽ ዱካሞ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ሰውየው ምን ይላል?»

ምሕረቱ ስለ ሬዲዮው ነገራቸው። ስለ ካቤሎ አልነገራቸውም።

ጋሽ ዱካሞ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምሩ ድምፃቸው ጣሪያ ያንቀጠቅጣል። መዝሙር ከመጀመራቸው በፊት አንዴ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ያኔ ሕፃናት እንኳን ጸጥ ይላሉ። መስኮቱ ጋ ሲቆሙ ግን ሌላ ሰው ናቸው። «አለ»፣ «የለም»፣ «አልቋል» ካሉ በቂያቸው ነው። ሰፈሩ «ጆን» ብሎ ያውቃቸዋል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ እሱንም ትቶ «ማይ ፍሬንድ» ይላቸዋል። ምሕረቱ የመጣ ዕለት «እዚህ ማይክ ነህ» ያሉትም እሳቸው ናቸው።

«ስማ» አሉት። «ቮስሎሩስ የሚባል ሰፈር ሱቅ እያለኝ ስብሰባ ተጠራ። እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ። "ሌቦቹን የምታውቋቸው ከሆነ ንገሩን" ነው ያልኩት። በማግሥቱ ሱቄን አላገኘሁትም፤ ዘርፈው አፍርሰውታል።» ፍርግርጉ ላይ የተንጠለጠለውን ካርቶን አቃኑ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አንብብ፣ ተማር፣ አልከለክልህም። ስምህ ግን በሬዲዮ እንዳይጠራ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ምሕረቱ። ሲቆጡ ነው እንጂ ሲፈሩ አይቷቸው አያውቅም ነበር። አንጀቱን በሉት።

በማግሥቱ ካቤሎ ሲመጣ ምሕረቱ የሳንዲሌን ሐሳብ ነገረው። ካቤሎ መጀመሪያ ተቆጣ።

«አንተ ነህ የነገርከው!»

«እኔ ምንም አልተናገርኩም። የተናገርከው አንተ ነህ፤ ዳቦ አልቋል ብለህ።»

ካቤሎ ፍርግርጉን በጡጫ መታ። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ አየና ጠጋ አለ። «ቀላል እኮ ነው። ገጾቹ የሚቀመጡት አንተ ጋ አይደል? አንዱን ብቻ ካርቶኑ ውስጥ ተው፣ ሌላውን "አላመጡም" በል። የተውከውን ትቀዳልኛለህ። አለቀ።»

«የሌሎቹስ ልጆች?»

«የነሱን ለሌላ ጊዜ! ምን ይጎድልባቸዋል?» ካቤሎ ድንገት ድምፁ ተሰበረ። «ብራ፣ ሬዲዮ ነው። ጎጎ ለመንገዱ ሰው ሁሉ ተናግራለች። ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሳይቀር ተናግራለች። እዚያ ገብቼ ዝም ብል ምን ትሆናለች?»

ካቤሎ ማስኩን አውርዶ አፍንጫውን ጠረገ።

«ባለፈው ስልኳ ላይ መልእክት ገባ» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «አንብብልኝ አለችኝ። አየሁት፤ ቁጥር አለው፣ ሌላው አልገባኝም። "ማስታወቂያ ነው ጎጎ፣ የስልክ ድርጅቱ ነው" አልኳት። ለካ የክትባት ቀጠሮዋ ነበር። ሲጠሯት ሳትሄድ ቀረች። አሁን ሌላ ቀን ሰጥተዋታል። ግን በዚያ መሃል ብትታመምብኝስ? እስካሁን አታውቅም።»

አንድ ልጅ መጥቶ ክብሪት ገዝቶ ሄደ።

«አልቀዳልህም» አለ ምሕረቱ በመጨረሻ።

«ምን?»

«ከእንግዲህ አልቀዳልህም። በጓሮ በር ዙርና ግባ።»

ካቤሎ ሊሄድ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ምሕረቱ ጠበቀ። ጓደኝነታቸው እዚያው ያለቀ መስሎት ነበር። ከአፍታ በኋላ የጓሮው በር ተንኳኳ።

ትምህርቱ የተጀመረው በመደርደሪያው ነው። ምሕረቱ የስኳሩን ከረጢት አንስቶ ሥዕሉን በመዳፉ ሸፈነና ጽሑፉን ብቻ አሳየው። ካቤሎ «ስኳር!» አለ ወዲያው። «አላነበብከውም፤ ከረጢቱን አውቀኸው ነው» አለው ምሕረቱ። የካርቶን ቁራጭ ላይ ያለ ሥዕል፣ ያለ ቀለም ጻፈለት። ካቤሎ ፊደሎቹን ሲያያቸው ላብ አጠመቀው። በብርድ ቀን! አንድ ሣጥን በእግሩ መታ፤ «ይሄ የሕፃን ሥራ ነው» ብሎ ተሳደበ፤ ከዚያ ሣጥኑን አንስቶ ቦታው መለሰና ተቀመጠ።

«አምስተኛ ክፍል እያለሁ አልገባኝም ብዬ እጄን አወጣሁ» አለ። «ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሳይስቅብኝ በፊት እኔ ራሴ አሳቀዋለሁ።»

«እኔ ደግሞ ፓስ እላለሁ» አለ ምሕረቱ።

«እሱን አውቃለሁ። ሁለታችንም ጉዶች ነን።»

እስከ ሐሙስ ድረስ ካቤሎ ዳቦ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሻማ፣ ሳሙና የሚሉትን ያለ ሥዕል መለየት ቻለ። ፍርግርጉ ላይ ያሉትን የአጎቱን ጽሑፎችም አነበበ፤ «አልቋል» እና «ነገ» ላይ ሲደርስ እንደ ድሮ ጓደኛ ሰላምታ ሰጣቸው። መሸጋገሪያዎቹን ትንንሽ ቃላትም በጣቱ እየተከተለ ያዛቸው። ቀርፋፋ ነው፤ ድምፁ ያ የሚያምረው ድምፅ አይደለም፤ እንደ ሽማግሌ ይንተባተባል። ግን ያነባል።

ጋሽ ዱካሞ ሲወጡ ሲገቡ አዩአቸው። አልፈዋቸው ይሄዱ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ካቤሎ «ሳሙና» የሚለው ላይ ሲታገል፣ ከኋላ ሆነው የመጀመሪያውን ድምፅ ሹክ አሉትና ወደ ጓዳ ገቡ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ምሕረቱ ልጆቹ ያስቀመጧቸውን ገጾች ካርቶኑ ውስጥ አየ። ረጃጅም ናቸው፤ ካቤሎ በዓመትም የማይደርስባቸው ቃላት ሞልተዋቸዋል። ከነዚህ አንዱ ከተሰጠው አለቀለት።

ስልኩን አወጣ። ካቤሎ ሄዷል፣ አጎቱ የሉም፣ ሱቁ ጭር ብሏል። አንዱን ገጽ ብቻ አስቀርቶ ቢቀዳው ማን ያውቃል? ቀይዋን ምልክት ተጫናት። የመጀመሪያውን መስመር አነበበ። የገዛ ድምፁ ቆርቆሮው ውስጥ ሲመለስ ሰማው፤ ይኸው ካቤሎ ይህንንም ሸምድዶ፣ የአያቱን መልእክት ነገም «ማስታወቂያ ነው» ሊል ነው። አቆመና የቀዳውን አጠፋው።

ከዚያ ባዶ ወረቀት ወስዶ፣ መደርደሪያውን ቀና ብሎ እያየ መጻፍ ጀመረ። ካቤሎ ከሚያውቃቸው ቃላት ውጪ አልተጠቀመም። ከባድ ነበር፤ ቆንጆ ቃል በመጣበት ቁጥር መልሶ ይጥለዋል። መጨረሻው አካባቢ «ስሜ ማይክ ነው» ብሎ ጻፈና ቆመ። የቮስሎሩሱን ሱቅ አሰበ። ፈራ፤ የምር ፈራ። ሱቁ የት እንዳለ እንዳልጻፈ አረጋገጠ፤ የአጎቱን ስምም አልጻፈም። ከዚያ «ማይክ» የሚለውን ሰርዞ የራሱን ስም ጻፈ።

ዓርብ ሳንዲሌ ካርቶኑን ሊወስድ ሲመጣ፣ ምሕረቱ ወረቀቱን ለብቻው በፍርግርጉ አቀበለው።

«ይሄ የእኔ ነው። ዛሬ ፓስ አላልኩም።»

ሳንዲሌ እዚያው ቆሞ አነበበው። አጭር ስለሆነ ብዙ አልፈጀበትም። ግን ደግሞ አነበበው። መደርደሪያውን አየ፣ ወረቀቱን አየ። አጥፎ፣ ካርቶኑ ውስጥ ሳይሆን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ሱቁን ሊዘጉ ሲሉ ምሕረቱ አጎቱን ጠራቸው። «ጋሼ፣ ነገ ሬዲዮ ላይ ስሜ ሊጠራ ይችላል። ጽፌዋለሁ። እንዳልደብቅዎት ብዬ ነው።»

ጋሽ ዱካሞ በጣም ሲቆጡ ወደ ሐዲይኛ ይገባሉ። አንዲት ዓረፍተ ነገር በሐዲይኛ ተናገሩ፤ «ልጅ አሳድጌ ጠላት አፈራሁ» እንደማለት ናት። ከዚያ በኋላ እራት ላይም አላናገሩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሎድሼዲንግ፣ የመብራት ፈረቃ፣ ነበር። መንገዱ በሙሉ መብራት የለውም። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ያለው ሱቁ ብቻ ነው፤ እሱም ጠፍቶ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ምሕረቱ ይክፈቱት ለማለት አልደፈረም። አጎቱም ጀርባቸውን ሰጥተው የዱቄት ከረጢት ያስተካክላሉ።

ጎጎ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው መጡ። ከኋላቸው የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ተከትለዋል፤ ሁሉም ማስክ አድርገዋል።

«ማይ ፍሬንድ! ማይ ፍሬንድ!» አሉ ፍርግርጉን በቀለበታቸው እያንኳኩ። «ሬዲዮህን ክፈትልን፤ የኔ ልጅ ሊናገር ነው!»

ጋሽ ዱካሞ ደንበኛ መልሰው አያውቁም። ሬዲዮውን ከፈቱ።

ማስታወቂያ ነበር፣ ዘፈን ነበር፣ ስለ እጅ መታጠብ ምክር ነበር። ከዚያ የካቤሎ ድምፅ መጣ፤ ግን ካቤሎ አይመስልም። ቀጭን ነው፤ ይንቀጠቀጣል።

«ይህ... ሱቅ ነው። እዚህ ዳቦ አለ። ስኳር አለ። ጨው... አለ።»

ምሕረቱ ፍርግርጉን በሁለት እጁ ጨበጠው። ገጹ የእሱ ነው!

«መብራት ሲጠፋ ሁሉም... ሻማ ይላል። የሱቁ ልጅ ሁሉን ያያል። የሱቁን ልጅ ማንም አያይም።»

«ምነው ዝግ አለብኝ?» አሉ ጎጎ። «ታሟል እንዴ?»

«ያነባል፣ ጎጎ» አለ ምሕረቱ። «የምር እያነበበ ነው።»

«እኔ የሱቁ ልጅ ነኝ። ስሜ...»

ሬዲዮው ጸጥ አለ።

ምሕረቱ ያኔ ነው የገባው። ገጹን ሲጽፍ ካቤሎ የማያውቀው ቃል እንዳይገባ ስንት ተጠንቅቆ፣ አንዱን ረሳው፤ የራሱን ስም። ካቤሎ ከተዋወቁ ጀምሮ የሚያውቀው «ማይክ» የሚለውን ነው። ይህ ቃል መደርደሪያው ላይ የለም፣ ከረጢት ላይ የለም፣ ፍርግርጉ ላይ የለም። ቮይስም አልተላከለትም።

ጸጥታው ቀጠለ። ከሴቶቹ አንዷ «ባትሪው አለቀ?» አለች። ጋሽ ዱካሞ ከረጢቱን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ምሕረቱ የራሱን ስም በከንፈሩ ብቻ፣ ለማንም በማይሰማ፣ ደጋግሞ ይላል።

«ም...» አለ ሬዲዮው። «ምህ... ምህ-ረ...» ትንፋሽ ሲስብ ተሰማ። «ምህረ-ቱ። ምሕረቱ። ስሜ ምሕረቱ ነው።» ከዚያ ድምፁ ትንሽ ጠና፤ ያ የሚያውቁት ካቤሎ ተመለሰ። «ዳቦ አልቋል ካልኩ፣ ነገ ይምጡ። ነገም እዚህ ነኝ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ጎጎ ማስካቸውን አውርደው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ልጃቸው ምን እንዳነበበ ከማወቃቸው በፊት ማልቀስ ጀምረው ነበር። ትንሽ ቆይተው ግን ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ማነው ምሕረቱ?»

ምሕረቱ ዞሮ አጎቱን አየ። ጋሽ ዱካሞ ከረጢቱን መሬት አስቀምጠው ዱቄት የነካውን እጃቸውን ያያሉ። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። ከፍርግርጉ ማዶ የቆሙት ሴቶች ሁሉ ይጠብቃሉ።

ምሕረቱ ማስኩን ከአፉ ዝቅ አደረገ።

«እኔ ነኝ፣ ጎጎ።»

«አንተ?» ጎጎ ፊታቸውን ፍርግርጉ ላይ አስጠግተው፣ ዛሬ ገና እንደሚያዩት ሁሉ አተኩረው አዩት። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ማይክ ምንድነው? ሚ-ሬ-ቱ።»

«ምሕ-ረቱ።»

«ምሕ-ረቱ» አሉ ጎጎ፣ አሁን አገኙት። «እሺ። ዳቦ አለ ዛሬ?»

«ዛሬ አለ።»

ምሕረቱ ዳቦውን ሊያወርድ ዞረ። ከኋላው የጎጎ ቀለበት ፍርግርጉን እንደገና ሲያንኳኳ ሰማ።

«አንተስ፣ ማይ ፍሬንድ?» ይላሉ ጎጎ። «ያንተስ ስም ማነው?»

ምሕረቱ ቀና ብሎ አላየም። ዳቦውን እንደያዘ ባለበት ቆመ። ሱቁ ውስጥ ከሬዲዮው ዘፈን በቀር ምንም አይሰማም። ከዚያ ጋሽ ዱካሞ እጃቸውን ዘርግተው ዘፈኑን ዝቅ አደረጉትና፣ እሑድ ሊዘምሩ ሲሉ እንደሚያደርጉት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።